የአባቴ የልብ ምት በሳይክሌ መሪ ላይ

የልብ ምት መቁጠሪያው ቤታችን የገባው በአባቴ ልብ ምክንያት አልነበረም። የእኔ ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜዬ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ ለአንድ ትንሽ የብስክሌት ክለብ እወዳደር ነበር። ጎህ ሲቀድ ከኮልፌ እንነሳና በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ፣ ጉልበት ባለን ቀን ደግሞ ከዚያም ወዲያ ወዳለው ዳገት የምንወጣ ጥቂት ሴቶች ነበርን። አሰልጣኛችን፣ እሱም ድሮ ተወዳዳሪ የነበረ ሰው፣ አንድ ቀን ከውጭ የመጡ ያገለገሉ ዕቃዎች በፌስታል ይዞ መጣና አከፋፈለን። ለእኔ የደረሰኝ ደረት ላይ የሚታሰር ጥቁር የላስቲክ ቀበቶ እና መሪ ላይ የምትገጠም፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል ስክሪን ነበረች። ቀበቶው የልብን ምት ይሰማና ያለ ሽቦ ለስክሪኗ ይነግራታል፤ እሷ ቁጥሩን ታሳያለች። ፔዳል በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የምትቆጥር አውራ ጣት የምታክል ሴንሰርም አብራ ነበረች።

አሰልጣኛችን ዕቃውን ይስጠን እንጂ ብዙም አያምነውም ነበር።

"ቁጥሩ ጥሩ ነው" ይለናል፤ "ግን ዳገት ላይ ከጓደኛሽ ጋር ወሬ መቀጠል ከቻልሽ ልብሽ ደህና ናት። ወሬው ሲቆረጥብሽ ያኔ ቀስ በይ።"

ክለቡ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። እኔ የስፖርት መምህርት ሆንኩ፤ ጓደኞቼ አንዷ ወደ ትዳር፣ አንዷ ወደ ንግድ ተበተኑ። ሳይክሌን አልሸጥኳትም። ቀበቶውን ግን ከነስክሪኗ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩትና ረሳሁት።

አባቴ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ብዙም በማይርቅ ቦታ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። ምስማር፣ ቀለም፣ የበር ቁልፍ፣ ቧንቧ ይሸጣል። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ ወጥቶ አጎቱ ጋ ያደገ፣ ሲሠራ ኖሮ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው። ታላላቆቼ ሁሉ "አንቱ" ነበር የሚሉት። እኔ የመጨረሻ ልጅ ስለሆንኩ "አንተ" የማለት ሥልጣን ተሰጥቶኝ ነበር፤ በዚህ እስከ ዛሬ ይቀኑብኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀለም ባልዲ ሊያነሳ ሲል ደረቱን ይዞ ወደቀ። ታላቅ ወንድሜ በታክሲ ሆስፒታል አደረሰው። ተረፈ። ከዚያ ሲወጣ አንዲት ሐኪም ረጋ ብላ አስረዳችን፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰድ፣ ጨውና ቅባት ይቀንስ፣ ደግሞም ይንቀሳቀስ። በእግሩ ይሂድ፤ ከበረታም ቀስ ብሎ ሳይክል ይንዳ። የልቡ ምት ከመቶ አሥር በላይ እንዳይወጣ ብቻ ይጠንቀቅ።

እኛ ይንቀሳቀስ ያለችውን ሰማን። አባቴ የሰማው ልብ የሚለውን ቃል ብቻ ነበር።

ቤት ገብቶ በረንዳው ላይ ካለችው ወንበር ተቀመጠ፤ በቃ፣ ተቀመጠ። ሱቁን ለወንድሜ ተወለት። ግቢ ውስጥ ያሉትን ጥቂት ደረጃዎች መውጣት ፈራ። ቀኑን ሙሉ ሁለት ጣቶቹን የግራ እጁ አንጓ ላይ አድርጎ ምቱን ይቆጥራል። ሰው መጥቶ "እንደምን ዋሉ?" ሲለው ቁጥሩ ይጠፋበትና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እናቴ እሱን እንዳያስደነግጥ ብላ በር እንኳ በቀስታ እንድንዘጋ አዘዘችን። ያ ሁልጊዜ ሬዲዮ፣ ሳቅና ክርክር የማይጠፋበት ቤት፣ የታመመ ሕፃን የተኛበት መሰለ። እኔ በወቅቱ ከእነሱ ጋር ነበር የምኖረው፤ ከሥራ ስመለስ ልክ እንደተውኩት፣ ጣቱን አንጓው ላይ አድርጎ አገኘዋለሁ።

"አባዬ፣ ስንት ነው ዛሬ?"

"እየቆጠርኩ ነው፤ አታናግሪኝ።"

ያኔ ነው ቀበቶው ትዝ ያለኝ። ከካልሲው አወጣሁትና አጠገቡ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

"ይሄ ይቁጠርልህ። አንተ ረፍት አድርግ" አልኩት።

ገልበጥ አድርጎ አየው። "የሞተ ነው እንዴ?"

እውነትም የሞተ ነበር። ስክሪኗን ብነካት፣ ቀበቶውን ባረጥበው ምንም የለም። ከቀበቶው መሀል ባለችው ክብ ነገር ጀርባ ላይ በሳንቲም የምትዞር ክዳን አለች። ሳንቲም ይዤ ልከፍታት ብል ዓመታት ቆላልፈዋት እምቢ አለች። ስታገል አባቴ ትንሽ ተመለከተኝና፣ "ተይ፣ ትሰብሪዋለሽ" ብሎ ተነሳ። ደረጃውን ወጣ። ሳያስበው ነው የወጣው። ከጓዳ ካቻቢቴውን፣ ወረንጦውንና ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ወረደ። እናቴ በኩሽናው በር አንገቷን አውጥታ አየችው፤ እኔን አየችኝ።

ክዳኗ ስትከፈት ውስጧ ሳንቲም የምትመስል ክብ፣ ጠፍጣፋ ባትሪ ነበረች። ዙሪያዋን ነጭ ዱቄት አውጥታለች።

"በስብሳለች" አለ አባቴ። "ይቺን የመሰለች ያለው ሰዓት ሠሪው ጋ ነው።"

"ነገ ከሥራ ስመለስ አመጣታለሁ።"

"ለምን ነገ? አሁን እንሂድ እንጂ።"

ከታመመ ወዲህ ከግቢ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሰዓት ሠሪው 18 ማዞሪያ፣ ከአንድ ግሮሰሪ ደረጃ ሥር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ከአባቴም በዕድሜ የሚበልጥ፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ የሚውል ሽማግሌ ነው። አባቴ ዕቃውን አቀበለው።

"ይሄ ደግሞ የምን ሰዓት ነው?"

"ሰዓት አይደለም፣ ጋሼ" አለ አባቴ። "ልብ ነው የሚቆጥረው።"

"የማንን ልብ?"

"የእኔን።"

ሽማግሌው ማጉያውን አወለቀና አባቴን ከራሱ እስከ እግሩ ተመለከተው። "ታዲያ የቆመው የትኛው ነው? እሱ ነው ወይስ አንተ?"

አባቴ ሳቀ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ያን ሳቅ ከሰማሁ ስለቆየሁ እኔም ሳላውቀው አብሬው ሳቅሁ፤ ሰዓት ሠሪውም ቀልዱ እንዲህ ይሠራል ብሎ አልጠበቀም መሰለኝ፣ ደስ አለው።

የባትሪውን ቤት በአልኮል በነከረው ጥጥ ጠረገልን። ውሃ እንዳይገባ የምትከላከለውን ቀጭን የላስቲክ ቀለበት በወረንጦ አንስቶ ቅባት ቀባትና መለሳት። እሱ ጋ የነበረው ባትሪ ግን ስፋቱ ልክ ሆኖ ውፍረቱ ያንሳል። "ይገባል፤ ግን ጫፉን አይነካም። ወረቀት ብሸጉጥበት ይሠራ ይሆናል፤ ደግሞ መንገድ ላይ ይቆምባችኋል። ጦር ኃይሎች ሂዱ። የመኪና ሪሞት ቁልፍ ባትሪ የሚሸጡት ጋ አታጡትም" አለን።

አባቴን አየሁት። ሚኒባስ ውስጥ መጋፋት ለእሱ ከባድ ነው ብዬ ላስቀረው ስል፣ እሱ እጁን ዘርግቶ ታክሲ አስቁሟል።

ጦር ኃይሎች ደርሰን ባትሪዋን ገዛን። መለዋወጫ ብለን ሌላም አንድ ጨመርን። ቤት ስንመለስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ልትቆጣ ተዘጋጅታ ሳለ ፊቱን አየችና ተወችው።

ባትሪዋን የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርገን ገጠምናት። አልሠራም። አባቴ ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። እኔ ግን አሰልጣኛችን ያደርግ የነበረውን አስታወስኩ፤ ባትሪዋን አውጥቼ ለአፍታ ገልብጬ አስገባኋት፣ አወጣኋት፣ ደግሞ በትክክል መለስኳት። እንዲህ ሲደረግ ውስጧ የቀረው የድሮ ኤሌክትሪክ ይፈስና ዕቃዋ እንደ አዲስ ትነቃለች። የስክሪኗንም ባትሪ ቀየርኩ። ቀበቶው ቆዳ የሚነካበትን ቦታ በውሃ አረጠብኩና ከአባቴ ሸሚዝ ሥር አሰርኩለት።

ስክሪኗ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሰባ ሁለት አለች።

አባቴ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ሰባ ሦስት ሆነ፤ ሰባ አንድ ሆነ።

"ይሄ እኔ ነኝ?" አለ።

"አንተ ነህ።"

"አሁን?"

"አሁን፣ አባዬ።"

በዚያ ቀን ቀበቶውን ያላሰረ ሰው በቤቱ አልቀረም። ወንድሜ ከሱቅ መጥቶ አሰረ፤ ጎረቤታችን አሰረች። እናቴም ብዙ ከተግደረደረች በኋላ ታሰረላት። ቁጥሯ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ አባቴ የመጋረጃውን ሽቦ ላስተካክል ብሎ ድንገት ወንበር ላይ ወጣ። የእናቴ ቁጥር ሽቅብ ተወረወረ።

"አያችሁ?" አለ ከወንበሩ ላይ ሆኖ። "የታመመችው እሷ ናት!"

ከዚያ በኋላ ነው የእሁድ ጉዟችን የተጀመረው። አባቴ ከሱቁ ጓሮ አሮጌ ሳይክሉን አስወጣ። ወጣት ሳለ ከመርካቶ ዕቃ ያመላልስባት የነበረች፣ እንደ በሬ የከበደች ሳይክል ናት። ካቴናዋን ዘይት አጠጣላት፣ የጎማዋን ካላማዳሪያ ቀየረላት፣ ፍሬኗን አጠበቀላት። ሐኪሟን ጠየቅናት፤ ቁጥሩን እየጠበቃችሁ በርቱ አለችን።

ስክሪኗን እሱ ሳይክል ላይ ልገጥምለት ብል አልፈቀደም።

"አንቺ ያዥው። አንቺ እሱን እይ፤ እኔ መንገዱን ልይ።"

ስለዚህ የአባቴን ልብ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቀበቶው እሱ ደረት ላይ፣ ቁጥሩ እኔ መሪ ላይ። ምልክቱ ሩቅ ስለማይደርስ ከኋላው ተጠግቼ መንዳት አለብኝ። እሁድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ይሆናል፤ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ ይመለሳሉ፣ ሌሎች መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ አምልኮ ይሄዳሉ። አባቴ ሁሉንም ሰላም ይላል። እኔ ከኋላ መቶ ሁለት፣ መቶ አራት እያልኩ በልቤ እከተላለሁ። መቶ ስምንት ሲደርስ "አባዬ፣ ቀስ!" እላለሁ፤ ያለ ምንም ክርክር ቀስ ይላል። በሕይወቱ ሙሉ ማንም አዞት የማያውቅ ሰው እንደዚያ ሲታዘዘኝ ይገርመኝ ነበር።

የፔዳል ዙር የምትቆጥረውንም ሴንሰር ወደዳት። በፕላስቲክ ማሰሪያ እሱ ሳይክል ላይ አሰርንለት። ቤት ስንደርስ "ስንት ዞርኩ?" ብሎ ይጠይቃል። ዝናብ በመታት ቁጥር ውሃ እየገባባት ባትሪዋን ትበላለች። እሱ እንደ ሕፃን አፍታትቶ በጨርቅ ያደርቃታል፣ ቀለበቷን ቅባት ይቀባታል፣ ባትሪዋን ይቀይርላታል። ጦር ኃይሎች ያለው ባለሱቅ ሲያየን ሳንጠይቀው ያወጣልን ጀመር። አንዳንዱ ባትሪ አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ገና ሳያገለግል ይሞታል፤ ያን ጊዜ አባቴ ይዞት ይመለስና፣ "ልጄ፣ ይሄ ከእኔም የባሰ ነው፤ ለውጥልኝ" ይለዋል።

አንድ እሁድ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ዳገት ግርጌ ደረስን። ረጅም አይደለችም፤ ግን ትከብዳለች። መቶ ሦስት ነበር። አይኔን ለአፍታ ወደ መንገዱ ጣል አድርጌ ስመልሰው ቁጥር የለም። ሁለት ትናንሽ ሰረዞች ብቻ።

ባትሪ ነው ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ያን ሰዓት ለእኔ ስክሪኗ ያለችኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የአባትሽ ልብ ቆሟል።

"አባዬ!" ብዬ ጮህኩ። አንድ ከባድ መኪና ባጠገባችን እያጓራ አለፈ። አልሰማኝም። "አባዬ! ቁም!" እያልኩ ፔዳሉን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩ። ዞር ብሎ አየኝ። ፊቴን አላየም መሰለኝ፤ ያየው ስፈጥን ነው። ፈገግ አለና ከመቀመጫው ተነሳ፤ ቆሞ ይረግጥ ጀመር። ሊሽቀዳደመኝ!

እኔ እያለቀስኩ፣ እሱ እየሳቀ ያቺን ዳገት ወጣን። ጉልበቱን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ተወዳዳሪ የነበርኩት እኔ አናቱ ላይ እስክንደርስ አልደረስኩበትም። እዚያ አንድ እግሩን መሬት አድርጎ፣ በላብ ርሶ፣ እያለከለከ ጠበቀኝ። ሳይክሌን መሬት ላይ ጣልኳትና የእጁን አንጓ ያዝኩ። ይመታል። ያውም እንደ ከበሮ።

"ምን ሆንሽ?"

"ጠፍተህብኝ ነዋ!"

"ፊትሽ ነበርኩ እኮ" አለ፣ ግራ ተጋብቶ። "ፊትሽ ሆኜ እንዴት ነው የምጠፋው?"

ስክሪኗን አሳየሁት። ሰረዞቹን ሲያይ ገባው። ሳቁን አቆመና መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ፤ ጋቢ ስለሌለው ኮቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። የበረደኝ መስሎት ነው፤ እንቀጠቀጥ ነበርና።

"እናቴ" አለኝ፤ ሲራራልኝ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "ባትሪው ነው ያለቀው። እኔ ገና ነኝ።"

መለዋወጫ አልያዝንም ነበር። በአካባቢው ያሉት ሱቆች የድንጋይ ባትሪ እንጂ የእኛ ዓይነት አልነበራቸውም። ያለ ቁጥር ልንመለስ ሆነ። ፈራሁ፤ ሳይክሎቹን ታክሲ ላይ ጭነን እንሂድ ብለው እምቢ አለ። ያኔ የአሰልጣኛችን ቃል ትዝ አለኝ።

"እሺ፤ እንግዲያው እስከ ቤት ድረስ ታወራለህ። ዝም ካልክ ወርደን ታክሲ እንይዛለን።"

"ስለምን ላውራ?"

"የፈለግከውን።"

ጎን ለጎን ሆነን ቀስ እያልን ወረድን፤ አባቴም ማውራት ጀመረ። ከዚያ በፊት ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሠርተህ ብላ፣ ተማር፣ አትዋሽ ከሚል ምክር ውጪ ያለፈውን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ግን ትንፋሹን ለማሳየት ብሎ ጀመረና ወሬው ራሱ ወሰደው። ከአጎቱ ሱቅ ባንኮኒ ላይ እንዴት ይተኛ እንደነበር ነገረኝ። መርካቶ አጠገብ ሳይክል በሰዓት የሚያከራይ ሰው እንደነበረ፣ አንድ የበዓል ቀን እንደተከራየና ማንም ስለ ፍሬን ስላልነገረው በጨርቅ ተራ መሀል "ዞር በሉልኝ!" እያለ እየጮኸ እንዳለፈ፣ ዳገት መጥቶ ሳይክሏ ራሷ እስክትቆም ድረስ እንዳልወረደ ነገረኝ።

"ያቺ ዳገትስ?" አልኩት። "ቆመህ የወጣሃትስ?"

ወዲያው አልመለሰም። ትንፋሹ አጥሮ ይሆን ብዬ ዞር አልኩ። አፍሮ ነው።

"የእናትሽ አባት ግቢ እዚያ አናቱ ላይ ነበር" አለ። "ዕቃ አደርሳለሁ እያልኩ በየሳምንቱ እመጣ ነበር። የማደርስለት ሰው ግን አልነበረም። እሷ አጥሩ ጋ ትቆማለች። እያየችኝ ወርጄ ብገፋ ደካማ ነው እንዳትለኝ፣ ሳንባዬ እስኪወጣ ቆሜ እረግጥ ነበር።"

ቤት ስንደርስ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

"እኔ? እሱን ለማየት? ውሃ ልቀዳ ነው የምወጣው!"

ባትሪውን በማግስቱ ቀየርነው። ግን ከዚያ ወዲህ አንዳንድ እሁድ፣ ቁጥሩ መደብዘዝ ሲጀምር፣ መለዋወጫው ኪሱ ውስጥ እያለ "ይቆይ፣ ዛሬ እናወራለን" ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ የሕይወቱን ግማሽ በዚያ መንገድ ላይ ነገረኝ። የሞተችበትን እህቱን። ሊከፍተው አስቦ ያልከፈተውን ዳቦ ቤት። እኔ የተወለድኩ ቀን ዝናብ መንገዱን ዘግቶት ሆስፒታል በእግሩ እየሮጠ መድረሱን። የእኔና የእሱ ምርጥ ዓመታት እነዚያ ይመስሉኛል፤ ያን ጊዜ ግን ባትሪ ስለጨረስን የምንጫወት ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክረምት ላይ አባቴ ይደክመው ጀመር። ሳይክሉ ላይ ሳይሆን ተቀምጦም። ብድግ ሲል ያዞረዋል፤ ግድግዳ ይይዛል። አንድ ጠዋት ቀበቶውን አሰርኩለት። ሠላሳ ስምንት አለ።

"ባትሪው ደክሟል" አልኩ። አወጣሁና አዲስ ገጠምኩ። ሠላሳ ሰባት።

ቀበቶውን አጥብቄ አሰርኩ፤ በደንብ አረጠብኩት። ያው ነው። መቼም አስመስሎ የተሠራ ባትሪ ይሆናል ብዬ ከሌላ ማሸጊያ ሌላ አወጣሁ። አባቴ ሸሚዙን ከፍቶ ጣቶቼን ያያል። ሦስተኛውም ባትሪ ያንኑ ሲናገር ቀበቶውን ከእሱ ፈታሁና ራሴ ላይ አሰርኩት። ስክሪኗ ወዲያው ሰማንያ ስድስት አለች። ደንግጬ ስለነበር ነው እንጂ የእኔ ከዚያ ያንሳል።

ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

"ባትሪው አይደለም፣ አይደል?" አለኝ።

"አይደለም፣ አባዬ።"

"እንግዲያው የእኔው ነው" አለና ሸሚዙን ቆለፈ። "ጫማዬን አምጪልኝ።"

ሐኪሟ በዚያው ቀን አስተኛችው። መድኃኒቱን ቀንሳ ጠበቀች፤ አልተስተካከለም። ከላይኛው የልቡ ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደው መልእክት መንገድ ላይ እየቀረ ነው አለችን፤ ደረቱ ቆዳ ሥር ልብን የምትቀሰቅስ ትንሽ መሣሪያ ማስገባት ያስፈልጋል። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። አባቴ ግን የጠየቀው ሌላ ነበር።

"ዶክተር፣ መሣሪያዋ ባትሪ አላት?"

"አላት፣ አባባ።"

"ሲያልቅስ?"

"ብዙ ዓመት ትቆያለች። ሲያልቅ ደግሞ ቆዳውን ትንሽ ከፍተን ሙሉዋን በአዲስ እንቀይርልዎታለን።"

"በካቻቢቴ ነው የምትከፍቱት?"

ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሱ ወደ እኔ እየጠቆመ ቀጠለ። "ይቺ ልጄ ባትሪ መቀየር ላይ እጇ ጥሩ ነው። ሰው ካነሳችሁ ጥሯት።"

አባቴ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገባ እኔና እናቴ ኮሪደሩ ላይ ካለ አግዳሚ ተቀመጥን። እናቴ ሳታወራ የምትቆይ ሴት አይደለችም፤ ያን ቀን ግን የነጠላዋን ጥለት ብቻ ትዳብስ ነበር። ብዙ ቆይታ ድንገት ተናገረች።

"ውሃ ልቀዳ አልነበረም።"

"ምን አልሽ፣ እማዬ?"

"ያኔ። አጥሩ ጋ የምቆመው።" እጇን ዘርግታ እጄን ያዘች። "የሳይክሉን ደወል ከታች ሆኖ ያቃጭላል፤ ስሰማ እንስራዬን ይዤ እወጣለሁ። ውሃ ሞልቶ ሳለ እደፋው ነበር። እንዳትነግሪው።"

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። አባቴ ሲነቃ በመጀመሪያ የጠየቀው ቁጥሩን ነው። ነርሷ ከራስጌው ያለውን መሣሪያ አየችና "ስድሳ" አለችው። እንደ ጥሩ ውጤት ተቀብሎት መልሶ ተኛ። ለእናቴ ቃሌን አልጠበቅኩላትም፤ ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ነገርኩት። ያን ቀን ምሳም እራትም ከእጇ ካልሆነ አልበላም ብሎ አስቸገራት፤ እሷም ማን እንደነገረው ወዲያው አወቀች።

ግራ እጁን ወደ ላይ እንዳያነሳ ስለተከለከለ ለጥቂት ወራት ሳይክል አልነካም። በኋላ ተፈቀደለትና ጥቂት ጊዜ ወጣን። ሐኪሟ ቀበቶው ከአሁን በኋላ አያስፈልገውም ስላለች፣ እኔ መሪ ላይ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም፤ ከኋላው መሆን ግን ለምዶብኝ ከኋላው ነበርኩ። ብዙም አልቀጠለም። ልቡ እሺ ሲል ጉልበቱ እምቢ አለ። አንድ እሁድ ጠዋት ተነስቼ ሳይክሎቹን ሳወጣ፣ "ዛሬ አንቺ ሂጂ" አለኝ። በቀጣዩም እሁድ እንዲሁ አለኝ።

አሁን ዕድሜው ሰማንያን አልፏል። መንገዶቹ ሰፍተዋል፤ በአንዳንዱ ዳር የሳይክል መስመር ሳይቀር ተቀብቶለታል። የሰዓት ሠሪው ደረጃ ከነግሮሰሪው ፈርሷል፤ ሽማግሌው ልጁ ጋ ገብቶ እንደሚኖር ሰምተን አባቴ ሊጠይቀው ሄዶ ነበር፤ ሲቃለዱ ውለው መጡ። እኔ እሁድ እሁድ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር እወጣለሁ። አብዛኞቹ ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ቀበቷቸው ከስልካቸው ጋር የሚነጋገር ናቸው። ባትሪው ያው ክቡ፣ ጠፍጣፋው ነው። ሲያልቅባቸው እኔ ጋ ያመጡታል፤ በረንዳው ላይ ተቀምጬ እቀይርላቸዋለሁ።

ስመለስ አባቴ ደጅ ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቀኛል።

"እስከ የት ሄዳችሁ?"

"እስከ ቡራዩ።"

"ድልድዩ ጋ ያለው ወፍጮ ቤት አለ?"

"ወፍጮ ቤት የለም እኮ እዚያ፣ አባዬ። ፎቅ ነው።"

"ከፎቁ ኋላ ነው። ወደ ግራ ገባ ይላል። አይተሽ አታውቂም?"

"አላየሁም።"

"በሚቀጥለው ስትሄጂ አንቺም በተራሽ ቀስ በይና እዪ" አለኝ። "የእህል ሽታ ይኖረዋል።"